ለ«ፈረሱ ዶክተር» ምስጋና፦ አዳማ ውስጥ ፈረስ ወይም ጋሪ ያላችሁ አንብቡልኝ

ሰላም የአዳማ ሰዎች። ከሦስት ሳምንት በፊት ባጃጅ ከአባቴ ጋሪ ጋር ተጋጭቶ፣ ቆርቆሮው የዳማን አንገት ቀደደው። ዳማ ፈረሳችን ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ደብተርና ዩኒፎርም የተገዛልን በእሱ ላብ ነው።

መጀመሪያ የወሰድነው ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ ቆዳውን ብቻ ግጥም አድርገው ሰፍተው ገንዘባቸውን ተቀብለው ሸኙን። ማታውን አንገቱ እንደ ፊኛ ተነፋ። ስንዳብሰው ከቆዳው ሥር ይንኮሻኮሻል። ሌላ ቦታ ደግሞ ቀርበው እንኳ ሳያዩት «አባባ፣ ይሄ አይድንም፣ መንገድ ዳር ይጣሉት» አሉ። መንገድ ዳር ይጣሉት! አባቴ የዚያን ቀን እህል አልቀመሰም።

በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ይዞልን መጣ፤ ቢሾፍቱ የተማረ ነው። ገና እንደገባ ስፌቱን ፈታው፤ አየሩ ሽው ብሎ ወጣ። «ጋሼ፣ የአየር ቧንቧው ተቀዶ ሳለ ቆዳው ተደፍኖበት ነው። ፈረስ እንደኛ በአፉ አይተነፍስም፣ በአፍንጫው ብቻ ነው» አለ።

በማግስቱ ያደረገውን መቼም አልረሳም። ከሥጋ ቤት የበሬ የአየር ቧንቧ ይዞ መጣ። በርጩማ ላይ አስቀምጦ በሁለት ዓይነት ክር ሰፋው፣ በውሃ አራሰው፣ ከዚያ ቀስ እያለ ሳበው። ቀጭኑ ክር አልተበጠሰም፤ ለስላሳውን አጥንት ግን እንደ ምላጭ ሰነጠቀው። ሌላኛው ያዘ። «የፈረስ ቢለይም ለመሞከር ይበቃል። ክሩ መጠንከሩ ብቻ አይበቃም፤ ሲያስል፣ ሲውጥ ሁሉ ይጎተታል፣ የተሰፋውም አካል መቻል አለበት» አለን። እስከዚያ ቀን ድረስ ለአባቴ ይህን ያህል ያስረዳ ሐኪም አላየሁም።

ሕክምናውን እንዴት እንደሠራው አልገባኝም፤ ዳማ ደንዝዞ እንደቆመ ነበር። ክሩ በጊዜ ራሱ የሚሟሟ ነው አለ። ቆዳውን በከፊል ክፍት ተወው። ሲጨርስ የአባቴን እጅ ይዞ የዳማ አፍንጫ ላይ አደረገና «ይሰማዎታል ጋሼ?» አለው። አባቴ አለቀሰ። እኔም።

ከዚያም ትንፋሽ መቁጠር አስተማረው፤ ፈረስ ቆሞ ሲያርፍ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ነው። አባቴ ለእያንዳንዱ ትንፋሽ አንድ የበቆሎ ፍሬ ጣሳ ውስጥ ይጥላል። በመጀመሪያው ቀን 38 ነበር።

ወገኖቼ፣ እባካችሁ ፈረሳችሁ ሲጎዳ ወደ እሱ ውሰዱ። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል፤ መናኸሪያ አካባቢ ጋሪ ነጂዎችን «የፈረሱ ዶክተር» ብላችሁ ጠይቁ፣ ይወስዷችኋል። አትዘግዩ፤ እኛ ሁለት ቀን አባክነናል። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እጅህ ይባረክ።

ዳማን ገና አልጠመድነውም። ዛሬ ጠዋት ጣሳው ውስጥ 14 ፍሬ ነበር።