ባለ 8 ኢንቹ የቤዝ አምፔ እና ጂ ላይ የሚያጉረመርመው ድምፅ

ይህን ግምገማ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ ድምፅ ነው። ድስት ውስጥ እንደገባች ንብ እምምምም ይላል። አምፑን፣ ማለትም የቤዝ ጊታሬን ድምፅ ማጉያ፣ ስከፍተው ይጀምራል፣ ስዘጋው ያቆማል። ለወራት አብሮኝ ኖሯል። አሁን የለም ማለት ይቻላል። እንዴት እንደጠፋ ሳልነግራችሁ ግን ስለ ሌላው ነገር ማውራት አልፈልግም፤ ምክንያቱም በዚህ ድምፅ የተነሳ ደህና አምፓቸውን በርካሽ የሸጡ ልጆች አውቃለሁ።

አምፑ ለቤት ልምምድ የሚሆን ትንሽዬ ነው። 25 ዋት፣ ባለ 8 ኢንች ስፒከር። የወፍራም (ቤዝ)፣ የመካከለኛ (ሚድ) እና የቀጭን (ትሬብል) ድምፅ ማዞሪያ አለው፤ የጆሮ ማዳመጫና የስልክ መሰኪያም አለው። ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት፣ አዲሱን። በአንድ እጅ ይዤው ባጃጅ ላይ እወጣለሁ። ማርካውን አልጠራም፤ የምለው ነገር ለብዙዎቹ ይሠራል። ሥራውን ይሠራል፣ አልተበላሸም፣ አልሞቀም። በዚህ በኩል ብዙ የምለው የለም።

ወደ ድምፁ ልመለስ።

የኛ አገር መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። ከግድግዳ የሚመጣ ጉርምርምታ ሁሉ መነሻው ይህ 50 ነው። ቤዝ ጊታር ላይ ደግሞ ወፍራሙን የኢ ክር 3ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ስትጫኑት ጂ የሚባለውን ኖታ ይሰጣል፤ 49 ኸርዝ። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። እንዲህ የተቀራረቡ ሁለት ድምፆች አብረው ሲሰሙ በሰከንድ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ይላሉ። ዋው… ዋው… ዋው። ጣቴን ሳላነሳ ጂን ይዤ ስቆይ ድምፁ በራሱ ይወዛወዝ ነበር። የጂን ክር ፍሬት ሳልጫን ባዶውን ስመታው ደግሞ 98 ነው፤ እሱም ከ100 ጋር ይጋጫል። 100 ከየት መጣ ብትሉ፣ አምፑ ውስጥ ኤሲው ወደ ዲሲ ሲቀየር ድግግሞሹ እጥፍ ስለሚሆን ነው። እዚያ ላይ ውዝዋዜው በሰከንድ ሁለቴ ይሆናል።

የባንዳችን ዘፋኝ ድምፁ የሚመቸው ጂ ላይ ነው። ሠርግ ላይ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም፣ በሐረሪኛም እንጫወታለን፤ አብዛኛውን የምንጀምረው ከጂ ነው። እንግዲህ አስቡት። ትዝታ ቅኝት ላይ ረጅም ኖታ ይዤ መለማመድ ስፈልግ፣ ኖታው ሲያልቅ የምሰማው የራሴን ክር ይሁን የመብራት ኃይልን ለይቼ ማወቅ አልችልም ነበር። በጣም ያናድዳል። ክር በጆሮ መቃኘትም እንደዚያው ነው። ውዝዋዜውን ሰምቼ ክሩ ወረደ ብዬ አጠብቀዋለሁ፤ ልኩ ላይ የነበረው ክር ይበላሻል።

የሻጩ መልስ ፈጣን ነበር፦ «ጊታርህ ነው»። የጊታሪስት ጓደኛዬ መልስ «ገመዱ ነው»። አንድ የሬዲዮና ቴፕ ጥገና ባለሙያ ደግሞ ሳይከፍተው «ካፓሲተሩ አልቋል፣ ልቀይርልህ» አለኝ። አዲስ አምፕ ነው እኮ! እምቢ አልኩ። እምቢ በማለቴ ዛሬም ደስ ይለኛል። እናንተም ድምፅ ሰማን ብላችሁ ገና ከካርቶን የወጣ አምፕ አታስከፍቱ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ቤቱ ነው።

ቤቱን መጠየቅ የጀመርኩት ከፋኑ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ፋን ሳይከፍት መለማመድ የሚችል ሰው ካለ ይንገረኝ። የኔ ፋን ግድግዳ ላይ የሚዞር መቆጣጠሪያ አለው። ዝቅ ሳደርገው ከእምምምታው በላይ ሌላ ስለታም ድምፅ ይመጣል፤ ብዝዝዝ የሚል። እስከ መጨረሻ ሳዞረው ይጠፋል። ነገሩ ግልጽ ነው። ይህ ዓይነቱ መቆጣጠሪያ ፍጥነቱን የሚቀንሰው የመብራቱን ሞገድ እየቆረጠ ነው፤ መቁረጡ ድምፅ ይፈጥራል፣ ጊታሩ ደግሞ እንደ አንቴና ይቀበለዋል። ሙሉ ላይ ሲሆን የሚቆረጥ ነገር የለም። ስለዚህ ስለማመድ ፋኑ ወይ ሙሉ ነው፣ ወይ ጠፍቷል። የስልክ ቻርጀርም ከአምፑ ጎን አይሰካም።

ሁለተኛው ጊታሩ ራሱ ነው። የኔ የጃዝ ቤዝ ዓይነት ነው፣ ጊታር ሠሪው ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1960 ካወጣው ንድፍ። ሁለት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ማግኔት) አለው። ሁለቱ እኩል ሲከፈቱ አንዱ የሌላውን ጉርምርምታ ያጠፋል፤ አንዱን ስትቀንሱት ይመለሳል። ፕሪሲዥን የሚባለው ሌላው የፌንደር ቤዝ ዓይነት ያላችሁ ይህ አይመለከታችሁም፤ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ፒክአፑ ለሁለት ተከፍሎ ስለሚሠራ ድምፁን ራሱ ያጠፋዋል። እኔ አሁን ሁለቱንም ሙሉ ከፍቼ ነው የምለማመደው። ብዙ ረድቶኛል፤ ግን እምምምታው ሙሉ በሙሉ አልሄደም።

ምክንያቱን ያወቁት አንድ ሸምገል ያሉ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው። ቤት የመጡት ለሌላ ጉዳይ ነበር፣ ለብሬከር። አምፑ ሲያጉረመርም ሰሙትና «እስቲ ክሩን ያዘው» አሉኝ። ያዝኩት፤ ድምፁ ቀነሰ። «ልቀቀው።» ለቀቅኩት፤ ተመለሰ። ከዚያ በባዶ እግሬ ሲሚንቶው ላይ አቁመው የአምፑን ብረት በእጄ ጀርባ እንድነካ አደረጉኝ። ቀስ ያለ ንዝረት አለው፤ ቆዳ ላይ እንደሚሄድ ነገር። ሳቁና «አቦ፣ ይሄ ቤት ግራውንድ የለውም እኮ!» አሉ። ትርፉን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር ማለታቸው ነው።

የአምፑን ስፒና አየነው። ከሁለቱ ጥርሶች ሌላ ጎንና ጎኑ ላይ ቀጭን የብረት ምላስ አለው። የመሬቱ መስመር የሚገናኘው በዚያ ነው። እኔ የምሰካበት ዲቫይደር ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ያ ምላስ የሚነካው ነገር የለም። የግድግዳው ሶኬት ብረቱ ነበረው፤ ሲፈቱት ግን ከኋላው የመጡት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው። ብረቱ ከምንም ጋር አልተያያዘም። አምፑ ማውረድ የነበረበትን ሁሉ የሚያወርድበት አጥቶ፣ በገመዱ በኩል ወደ ጊታሬ፣ በክሩ በኩል ወደ ጣቴ ይልከው ነበር።

እዚህ ላይ ድምፁን እርሱትና ስለ አደጋው ላንሳ። ሚክራፎን ላይ አፉን ሲያስጠጋ ከንፈሩን የነዘረው ቤዚስት ካያችሁ ነገሩ ይህ ነው። አምፑ ውስጥ አንድ ነገር ቢበላሽ ያ ቀስ ያለ ንዝረት 220 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ግራውንድ ለድምፅ ጥራት ብቻ የሚሠራ ነገር አይደለም።

መፍትሔው የመሬት ዘንግ ነበር። የድሬ መሬት ግን አስቸጋሪ ነው። የኛ ሰፈር፣ ሳቢያን፣ ስትቆፍሩት አሸዋ ነው፤ ደረቅ አሸዋ ደግሞ ኤሌክትሪክ በደንብ አይቀበልም። ባለሙያው ጠለቅ አድርገው አስቆፈሩ፣ የመዳብ ዘንጉን አስገቡ፣ ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞሉበት። እርጥበት እንዲይዝ ነው። ቦታውን የመረጡት አከራዬ እትዬ ናቸው። «ከሎሚዬ አርቁልኝ እንጂ የትም ቆፍሩ» ካሉ በኋላ አሰብ አድርገው «ልብስ ማጠቢያው ጋ አድርጉት፣ ውሃው እዚያ ነው የሚፈሰው» አሉ። ባለሙያውም ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም አሉ። ከዘንጉ እስከ ክፍሌ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ተዘረጋ፣ ሶኬቱ ተቀየረ፣ አደጋ ሲኖር ራሱ የሚቆርጥ ብሬከር ገባ። በራሳችሁ እንዳትሞክሩት፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

አምፑን ከፈትኩት። ዝም። ቮልዩሙን ወደ ግማሽ አመጣሁት፤ ትንሽ ሽሽሽ የሚል ነገር ብቻ፣ ማንኛውም አምፕ ያለው። 3ኛው ፍሬት ላይ ጂን መታሁና ያዝኩት። ቀጥ ብሎ ሄደ። ሳይወዛወዝ እስኪያልቅ ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ይህን አምፕ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም።

አሁን ስለ 8 ኢንች ላውራ፤ የሚከራከረኝ ሰው ብዙ ነው። እዚህ ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ገብታችሁ ለቤዝ የሚሆን ነገር ፈልጉ። ባለ 15 ኢንች፣ መብራት የሚያበራ፣ ብሉቱዝ ያለው ስፒከር ያወጡላችኋል። «ወንድሜ፣ ይሄ ቤት ያንቀጠቅጣል፣ ያ ያንተ መጫወቻ ነው» ይሏችኋል። የኔ መልስ ይህ ነው፦ ወንድሜ፣ እኔ የምፈልገው ስህተቴን የሚያሰማኝ ነው። የጭፈራ ስፒከር አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ቤዙን ያሳብጠዋል። ኤ ስትመቱ ቤቱ ይናጋል፣ ሲ ስትመቱ የት እንደገባ አይታወቅም። አራቱን ክሮች እኩል መምታት የሚማር ሰው እንዴት በዚያ ይማራል? የጣቱን ጉልበት ከስፒከሩ ጉልበት መለየት አይችልም።

«8 ኢንች የኢን ክር አያወጣም» የሚለው ክርክር ከፊሉ እውነት ነው። የኢ ክር 41 ኸርዝ ነው፤ ትንሽ ስፒከር እዚያ ድረስ በደንብ አይወርድም። ግን ክር ሲመታ 41ን ብቻ አያወጣም። 82ም፣ 123ም፣ ከዚያም በላይ አብሮ ይወጣል። ጆሯችን እነዚያን ሰምቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። በስልክ ስፒከር ዘፈን ሰምታችሁ የቤዙን መስመር የምትከተሉት ለዚህ ነው። ስለዚህ የትንሽ አምፕ ምስጢር የቤዝ ማዞሪያውን እስከ መጨረሻ ማዞር ላይ አይደለም። እንዲያውም ስፒከሩ ይንተፋተፋል። የኔ ቤዙ ከመሃል ትንሽ ዝቅ፣ ሚዱ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ያኔ እያንዳንዱ ኖታ ቅርፁ ይታወቃል። ጣቴ ፍሬቱን በደንብ ካልተጫነ ወዲያው ይሰማኛል። ስልኬን ሰክቼ የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ ሲጫወት ስከተል፣ የት እንደቀደምኩና የት እንደዘገየሁ ይህ አምፕ አይደብቅልኝም።

የሊድ ጊታር አምፕ ርካሽ ስላገኛችሁ ቤዝ ልትሰኩበት ካሰባችሁ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ካልሆነ ተዉት። የሊድ ጊታር ወፍራሙ ክር 82 ላይ ነው የሚጀምረው፤ ስፒከሩ የተሠራው ለዚያ ነው። ከፍ ካደረጋችሁት ይቀደዳል።

የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የሌለውን አምፕ ድሬ ላይ አልመክርም። እኩለ ቀን ሲያልፍ ሱቅ ይዘጋል፣ ከተማው ያርፋል። ግቢያችን ውስጥ ሁሉም በሩን ከፍቶ ጋደም ይላል፤ ቤዝ ደግሞ ግድግዳ አያቆመውም። እኔ በብዛት የምለማመደው በዚያ ሰዓት ነው፤ እትዬ እስካሁን አንድ ቀን ቅሬታ አላሰሙኝም። መብራት ሲሄድ ስፒናውን ነቅዬ አስቀምጣለሁ፤ ሲመለስ አንዳንዴ በኃይል ነው የሚመጣው።

ከአሜሪካ ዘመድ ሊያመጣላችሁ ከሆነ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አስነብቡት። 120 ቮልት ብቻ ካለ ያለ ትራንስፎርመር እዚህ አይሰካም፤ አንዴ ከተሰካ ምናልባት ፊውዝ ብቻ፣ ምናልባት ደግሞ ሌላም ይዞ ይሄዳል። 220-240 የሚለውን ፈልጉ።

ዋጋውን አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ለነገ አይሆንም። ግዛ ወይስ አትግዛ ለሚለኝ ግን መልሴ ግዛ ነው። ከአምፑ ገንዘብ ላይ ቀንሰህም ቢሆን ለሶኬቱ አስቀምጥ። ድራም ያለበት ቦታ ብቻ ይዘኸው አትውጣ። 25 ዋት ከድራም ጎን አይሰማም፤ እኛ ሠርግ ላይ ቤዙን ቀጥታ ሚክሰር ላይ ነው የምንሰካው፣ አምፑ ቤት ይቀራል።