ኦቩሌሽን ስትሪፕ፦ እቃው አሪፍ ነው፣ መመሪያው ግን ያዘገያል

ሽንት ውስጥ የሚነከረውን፣ እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ የሚጠቁመውን ኦቩሌሽን ስትሪፕ እየተጠቀምኩ ነው፣ ከ5 ኮከብ 3 እሰጠዋለሁ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው፣ ጫፉን ምልክቱን ሳታሳልፉ ትነክሩታላችሁ፣ ሮዝ ቀለም ቀስ እያለ ይወጣና መስመሮቹ ይመጣሉ፣ የቴስቱ መስመር ከኮንትሮሉ (ከማነጻጸሪያው መስመር) እኩል ከደመቀ ወይም ከበለጠ ፖዘቲቭ ነው፣ ከፈዘዘ ግን ገና ነው። እርግዝና ቴስት ላይ የፈዘዘም ይቆጠራል፣ እዚህ አይሰራም፣ ብዙ ሰው በዚህ ነው የሚሸወደው።

ቅሬታዬ መመሪያ ወረቀቱ ላይ ነው። ፖዘቲቭ ሲሆን ግንኙነት አድርጉ ይልና ያቆማል፣ ከዛ በፊት ስላሉት ቀናት ምንም የለም። ስትሪፑ የሚያየው ኤልኤች የሚባለውን ሆርሞን ነው፣ እሱ መጨመር ከጀመረ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ውስጥ እንቁላል ይወጣል፣ የወጣው እንቁላል ደሞ የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። ስፐርም ግን ሴቷ ሰውነት ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል!

እና ዝም ብሎ እየዋኘ አይደለም የሚቆየው። ከሚሊዮኖቹ እንቁላሉ የሚያልፍበት ቱቦ ጋ የሚደርሱት ጥቂት መቶዎች ቢሆኑ ነው፣ ላብራቶሪ ውስጥ እንደታየው ደሞ የሰው ስፐርም ጭንቅላቱን የቱቦው ግድግዳ ሴሎች ላይ ይለጥፋል፣ እንደዛ የተያዘው ከልቅ ስፐርም የበለጠ ጊዜ ይንቀሳቀሳል። ደግሞ እንደገባ ወዲያው እንቁላል ውስጥ መግባት አይችልም፣ ሰዓታት የሚወስድ ለውጥ አለው፣ ከዛ ጭራውን በኃይል መግረፍ ይጀምርና ይላቀቃል። ስለዚህ እንቁላሉ ሲመጣ ቀድሞ የደረሰ ስፐርም ቢጠብቀው ነው የሚሻለው፣ በ1995 የወጣ የታወቀ ጥናትም እርግዝና የሚፈጠረው እንቁላሉ የወጣበትን ቀን ጨምሮ ወደኋላ ባሉት 6 ቀናት ውስጥ በተደረገ ግንኙነት ነው ያለው። ይሄን ወረቀቱ ላይ በሁለት መስመር መጻፍ ምን ይከብዳል?

እኔ አሁን መስመሩን ሳልጠብቅ ቀደም ብለን በየሁለት ቀኑ እንሞክራለን፣ ስትሪፑን የማየው የመጨረሻዎቹን ቀናት ለማወቅ ብቻ ነው።

ፒሲኦኤስ (እንቁላል መውጣትን የሚያዛባ የሆርሞን ችግር) ያለባችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ ኤልኤቹ ሁሌም ከፍ ሊል ስለሚችል እንቁላል ሳይወጣም ፖዘቲቭ ሊያሳያችሁ ይችላል። ስትሪፑ ቱቦ ክፍት ይሁን ዝግም አይነግርም፣ ለሱ ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳ ራጅ አለ፣ ሀኪም ጠይቁ።