አዳራሽ ወይስ ጤና ጣቢያ?

የጤና ጣቢያ ኃላፊዎችን የአመራር ችሎታ ለማሳደግ ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ አዳማ ሆቴል ውስጥ የአምስት ቀን ሥልጠና መስጠት ነው። ሌላው ልምድ ያለው አማካሪ በየወሩ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄዶ አብሮ መሥራቱ።

አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ስለምትርቅ ሥልጠና አይጠፋባትም። ጥቅሙን አልክድም። የዕቅድና የበጀት ትምህርት ባንዴ ያልቃል፤ ከሌላ ወረዳ የመጣ የሥራ ባልደረባም ይገኛል። ግን ስንቱ ማስታወሻ ደብተር ነው መሳቢያ ውስጥ የቀረው!

እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ በአብዛኛው አምስት ጤና ኬላዎችን ይዞ 25,000 ያህል ሰው እንዲያገለግል ነው የታሰበው። ኃላፊው ብዙ ጊዜ ነርስ ወይም ጤና መኮንን ነው። የተማረው ማከም ነው፤ ሰው ማስተዳደር ሥራ ላይ ነው የገጠመው።

አማካሪው አብሮት መድኃኒት መጋዘን ይገባል እንበል። የአንዱ መድኃኒት ቢን ካርድ (ገቢና ወጪው የሚመዘገብበት ካርድ) 40 ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው 12 ነው። ባለሙያዋን ሳያስደነግጡ እንዴት እንደሚጠይቋት ኃላፊው እዚያው ቆሞ ያያል። በሚቀጥለው ወር ራሱ ይጠይቃል። ይሄን ፓወርፖይንት አያሳይም።

እርግጥ መኪና፣ ነዳጅና ትዕግሥት ይፈልጋል። በጀቱ ካጠረ ሥልጠናውን ሁለት ቀን አድርጌ ቀሪውን ለጉዞ አውለው ነበር።