ሰርቨር ላስቸገራችሁ ሁሉ፦ አንዲት ባለሙያ ልጠቁማችሁ

እንዲህ ዓይነት ነገር ጽፌ አላውቅም። ይህችን ልጅ ሳላመሰግን ብቀር ግን ህሊናዬ አያርፍም።

ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እንሸጣለን። ሱቁም መጋዘኑም ሒሳብ ክፍሉም በአንድ ሲስተም ነው የሚሠሩት። ሲስተሙ አንድ ሰርቨር ላይ ነው፤ ዳታው ደግሞ ለብቻው ሌላ ማሽን ላይ ይቀመጣል። የዳታ ማሽኑ አረጀና አዲስ ገዛን። ዳታው ተዛወረ። አሮጌውን ለክፉ ቀን ብለን ሳናጠፋው ተውነው። ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሒሳብ ክፍል ሪፖርት ሲያወጣ ኩሽኔታው፣ ፍሬን ሸራው፣ ፍሪሲዮኑ መጋዘን አለ ይላል። መደርደሪያው ባዶ ነው። ዕቃ ሲጎድል ደግሞ ዓይን ሁሉ የሚያርፈው ንብረት ያዡ ላይ ነው። የእኛ ንብረት ያዥ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቁልፍ አደራ የሚሰጣቸው ዓይነት። «ያወጣሁትን ሁሉ ሲስተም ላይ አስገብቻለሁ» ይላሉ፤ ሪፖርቱ ላይ ግን የለም። ምሳ አብረዋቸው ይበሉ የነበሩ ልጆች ሳይቀሩ ራቅ ራቅ ማለት ጀመሩ።

ባለሙያ የተባለውን ሁሉ ጠራን። አንዱ ሰርቨሩን ከፍቶ እንኳ ሳያይ የአዲስ ሰርቨር ፕሮፎርማ ይዞ መጣ። ሌላው «ፎርማት ይደረግ» አለ። ዳታውስ ስንለው ትከሻውን ሰበቀ። የመጨረሻው ግን የባሰው ነው። የሆነ ነገር ጻፈ፣ ስክሪኑን አየና «ሲስተማችሁ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ከሰው ነው፤ ሰውየውን ጠይቁ» ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ይህን ሲል ሰውየው እዚያው በር ላይ ቆመው ነበር። የማንንም ስም አልጠራም። እግዜር ይያቸው።

ልጅቷን ያገኘናት በወዳጅ በኩል ነው። እንደመጣች ኪቦርድ አልነካችም። «ሰርቨሩን መጀመሪያ ያዋቀረው ማነው? በቅርቡ ምን ተቀየረ?» ብላ ጠየቀች። እስከዚያ ድረስ ይህን የጠየቀን ሰው የለም! የዳታ ማሽኑን ነገር ስንነግራት ፈገግ አለች።

ከዚያ ያ የመጨረሻው ባለሙያ የጻፈውን ዓይነት፣ የዳታ ማሽኑን አድራሻ በስሙ የሚጠይቅ ነገር ጻፈች። ትክክለኛው፣ የአዲሱ ማሽን አድራሻ መጣ። አበቃልን አልኩ በሆዴ። እሷ ግን «ይሄ በቀጥታ ዲኤንኤሱን፣ ማለትም የማሽኖችን ስም ተቀብሎ አድራሻቸውን የሚሰጠውን አገልግሎት፣ የሚጠይቅ ነው፤ ሲስተማችሁ ግን እንዲህ አይጠይቅም» አለችና ሌላ ትዕዛዝ ጻፈች። ጌትኤንት ነው የሚባለው፤ ወረቀት ላይ ስለጻፈችልኝ ነው ያወቅኩት። አሁን የመጣው የአሮጌው ማሽን አድራሻ ነው። ያው ሰርቨር፣ ያው ስም፣ ሁለት መልስ።

እንዲህ ብላ አስረዳችኝ፦ ሰርቨሩ የማሽን ስም ሲሰጠው መጀመሪያ ራሱ ውስጥ ያለች ሆስትስ የምትባል ትንሽ ፋይል ያያል። እዚያ ካጣ ነው ዲኤንኤሱን የሚጠይቀው። ቅደም ተከተሉን የሚወስን ሌላ ፋይል አለ፤ እሱንም ከፍታ አሳየችኝ። ሰው ስልክ ሲቀይር እናንተ ስልክ ላይ የድሮው ቁጥር ተይዞ እንደሚቀረው ማለት ነው። የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ፋይላቸው ላይ ያ ስም ስለሌለ ዲኤንኤሱን ጠይቀው አዲሱን ማሽን ያነባሉ። ሰርቨሩ ደግሞ መጋዘኑ የሚያስገባለትን ሁሉ አሮጌው ላይ ሲያከማች ከርሟል። ዕቃው አልጠፋም። ንብረት ያዡ ያስገቡት ወጪ ሁሉ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ያየው ሰው ነው የጠፋው።

እየሠራች ታወራለች። ድሮ የኢንተርኔት ማሽኖች ስም ሁሉ በአንድ ፋይል ነበር አሉ የሚያዘው፤ ካሊፎርኒያ ያለ ኤስ አር አይ የሚባል ተቋም ነበር የሚይዘው። ማሽኑ ሲበዛ አልቻሉትምና በፈረንጅ 1983 ፖል ሞካፔትሪስ የሚባል ሰው ዲኤንኤስን አመጣ። ፋይሏ ግን እስካሁን ኮምፒውተሩ ሁሉ ላይ አለች። ለመለዋወጫ ነጋዴ ይሄ ምን ያደርግለታል? እንጃ፤ እኔ ግን ወደድኩት።

አሁን ይህን ሁሉ ያስጻፈኝን ልንገራችሁ። ሥራው ሊያልቅ ሲል ንብረት ያዣችንን አስጠራቻቸው። እኛም ሁላችንም ነበርን። «ጋሼ፣ እርስዎ እዚህ ሥራ የጀመሩት መቼ ነው?» አለቻቸው። «በ2015» አሉ። ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። የአሮጌው አድራሻ ያለበት የሆስትስ ፋይል ለመጨረሻ ጊዜ የተነካበት ቀን ተጽፏል፤ በፈረንጅ መጋቢት 2021። «በእኛ 2013 ነው። ይህ መስመር ሲጻፍ እርስዎ እዚህ አልነበሩም» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። እንድታደርገው ማንም አልጠየቃትም። ከሥራዋም አይቆጠርም። ጋሼ ምንም አላሉም፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሒሳብ ሹማችን ግን እዚያው ተነስታ ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

ፋይሉን ከመንካቷ በፊት ኮፒ ይዛለች፤ አሮጌው ላይ ያለውንም ዳታ እንደዚሁ። የቀየረችውንና የቀየረችበትን ቀን ጽፋ ሰርቨሩ ላይ ለጥፋልናለች። ዳታውን ማዋሃዱ ፋታ አልሰጠንም፤ እሱ ገና የሒሳብ ክፍሉ ራስ ምታት ነው። የከፈልናት ለአዲስ ሰርቨር ከተጠየቅነው ጋር የሚወራ እንኳ አይደለም። ጨምሬ ልስጥሽ ብላት እምቢ አለች።

ቀን ተቀጥራ ስለምትሠራ ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ስልኳን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ማታና ቅዳሜ ትመጣለች። ሰርቨር ከመግዛታችሁ በፊት እሷን ጥሩ፤ ሰው ላይ ጣት ከመቀሰራችሁ በፊት ደግሞ ይበልጥ ጥሯት። ስትጠሯት ግን ሰርቨሩን ማን እንዳዋቀረውና በቅርቡ ምን እንደተቀየረ አጣርታችሁ ጠብቋት፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።