ምርጥ ምድጃ ከነጭስ ማውጫው፦ የእማዬ ሳል ያስገዛኝ

ምርጥ ምድጃ የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማገዶ ቁጠባው ነው። እኔ የገዛሁት ግን ለእማዬ ሳንባ ብዬ ነው።

እማዬ ሲጋራ የሚባል ነገር በእጇ ነክታ አታውቅም። ግን ዕድሜዋን ሙሉ እዚሁ ጎንደር፣ መስኮት በሌለው ማድ ቤት፣ ሦስት ጉልቻ ላይ ስትጋግር ነው የኖረችው። ጠዋት ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ ሳሉ ይጀምራታል፣ ትስላለች፣ ትስላለች፣ አክታው ሲወጣላት አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ ትንፋሿን ትሰበስባለች። እኛ ደግሞ «ብርድ ነው» እያልን ዝንጅብል በማር ስናጠጣት ዓመታት አለፉ። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሐኪም ጋ ስንሄድ መጀመሪያ ለቲቢ አክታዋ ተመረመረ። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው መመርመር ግድ ነው። ቲቢ የለባትም። ከዛ ትንፋሿ በማሽን ተለካና ሥር የሰደደ ብሮንካይትስ ነው ተባለ። አክታ ያለው ሳል በዓመት ቢያንስ 3 ወር፣ ለ2 ተከታታይ ዓመት ሲመላለስና ሌላ ምክንያት ሲታጣለት ማለት ነው። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ አስረዳን። የአየር ቧንቧችን ውስጥ ቆሻሻውን ወደ ላይ እየጠረጉ የሚያወጡ፣ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ። ጭስ ለዓመታት ሲለበልባቸው ይደክማሉ፣ ይረግፋሉ። አክታ የሚያመነጩት ዕጢዎች ደግሞ ያብጣሉ፤ አክታው ይበዛል፣ ጠራጊ የለውም፣ የቧንቧው ግድግዳ ይወፍራል፣ መተላለፊያው ይጠባል። እማዬ እንደዛ የምትስለው እነዛ ፀጉሮች ያቃታቸውን ሥራ በጉልበቷ እየሠራች ነው ለካ። የተጎዳው ሙሉ በሙሉ አይመለስም፣ ጭሱ ካልቆመ ግን ይብስበታል አለን። ፓፍ፣ በአፍ ወደ ውስጥ የሚሳበውን የትንፋሽ መድኃኒት፣ አዘዘላት።

ወደ ምድጃው ልምጣ። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የተሠራ ስድስት ቁራጭ ነው። አራቱ ተገጣጥመው ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፉታል፣ ሁለቱ ከኋላ ድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ። እሳቱ ስለሚታቀፍ ሁለት ጊዜ ያጋግረን የነበረው ሸክም እንጨት አሁን ወደ አራት ጊዜ ይሄዳል። እዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም።

ሻጩ ግን «ጭስ የሚባል ነገር የለውም» ብሎኝ ነበር። ውሸት ነው። ጭስ ማውጫ ካልተተከለለት ጭሱ ከኋላ ወጥቶ እዛው ቤት ውስጥ ይዞራል። ቱቦውን ለብቻ ቆርቆሮ ቤት አሠራሁ። መጀመሪያ አጭር ሆነና ነፋስ በመጣ ቁጥር ጭሱን ወደ ቤት ይመልሰው ጀመር፣ ከጣሪያው በላይ ካስረዘምነው በኋላ ነው የተስተካከለው። መጋጠሚያዎቹንም በጭድ ጭቃ መረግናቸው። እርጥብ ባህር ዛፍ ከማገዳችሁበት ግን ምንም ምድጃ አያድናችሁም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ አይሻልም ወይ ለምትሉኝ፣ መብራት ካለ በጣም ይሻላል፣ ጭሱ ጭራሽ የለም። እኛ ሰፈር ግን ሊጡ ሲደርስ መብራቱ ይሄዳል።

የእማዬ ሳል አልጠፋም። ግን ከቅዳሜ ገበያ ዳገቱን ስትወጣ ሦስት ጊዜ ታርፍ የነበረችው አሁን አንዴ ነው። አክታዋም ቀንሷል። አክታው ቢበዛ ወይ ቀለሙ ወደ ቢጫና አረንጓዴ ተቀይሮ ትንፋሽ ቢያጥራት በዛው ቀን ይዣት እሄዳለሁ፣ ደም ካለበት ደግሞ አንድ ሰዓትም አልጠብቅም። አሁን አብዛኛውን ጊዜ የምትጋግረው ታናሽ እህቴ ናት። ሳሏ ገና አልጀመራትም፣ እንዳይጀምራትም ነው የምፈልገው።

ስትገዙ እያንዳንዱን ቁራጭ በጣታችሁ ኳኳ አድርጉት። የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። የኔ አንዱ እንደዛ ሆኖ ነበር፣ በማግስቱ ወስጄ አስቀየርኩት።