ዓሣ ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ፦ አይስ ፓኮቼ ከብዙ ወራት አገልግሎት በኋላ

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገር። በፍሪዘር እየቀዘቀዙ ደጋግመው የሚያገለግሉት አይስ ፓኮች ገንዘባቸውን የሚያወጡ ዕቃዎች ናቸው። ሥራቸው ግን ቀዝቃዛውን ቀዝቃዛ አድርጎ ማቆየት እንጂ የሞቀውን ማቀዝቀዝ አይደለም። ይህን ለይቶ የሚጠቀምባቸው ሰው ጥሬ ዓሣ ከሐይቅ ዳር ተነሥቶ ወጥ ቤቱ ድረስ በደህና ያደርሳል። ሳይለይ የሚጠቀም ሰው ግን ገና ባቱ ሳይደርስ ለብ ያለ ውኃ ተሸክሞ ይገኛል።

ሥራዬ በየጊዜው ወደ ሐዋሳ ይወስደኛል። ቤተሰቤ ቆሮሶ ይወዳል፤ ጎረቤትና ዘመድም «ስትመለስ አትርሳን» ማለቱ አልቀረም። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞጆ ላይ ከባድ መኪና ሲበዛ ወይም መሐል ላይ ለምሳ ሲቆም ጉዞው የቀኑን እኩሌታ ይወስዳል፤ ይኸውም በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ሥር ነው። በቀላሉ የሚበላሽ ምግብ ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ያጥራል። ጥሬ ዓሣ ደግሞ ከሥጋም ይልቅ ቶሎ የሚበላሽ ነገር ነው። ስለዚህ እንዲያው በፌስታል ጠቅልሎ ከመቀመጫ ሥር መወርወር ለእኔ አማራጭ ሆኖ አያውቅም።

የምጠቀምባቸው ዕቃዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው እኅቴ ከዱባይ ስትመጣ ያመጣችልኝ፣ ጡብ የሚመስሉ ጠንካራ የፕላስቲክ አይስ ፓኮች ናቸው፤ በውስጣቸው ሰማያዊ ፈሳሽ አለ። ሁለተኛው አዲስ አበባ የገዛኋቸው ለስላሳ የጄል ከረጢቶች ናቸው። ሦስተኛው 25 ሊትር የሚይዝ፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ አይስ ቦክስ ነው። ከሦስቱ አብልጦ የጠቀመኝ የትኛው ነው ብባል ያለ ማመንታት ሳጥኑ ነው እላለሁ። እነዚያኑ አይስ ፓኮች ለምሳ መያዣ በሚሸጠው የጨርቅ ቦርሳ ውስጥ ሳደርጋቸው ጠዋት የወጡት እኩለ ቀን ላይ ፈሳሽ ይሆናሉ። በሳጥኑ ውስጥ ግን ማታ አዲስ አበባ ስገባ አሁንም መሐላቸው ጠጣር ነው። ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃው ሰው ጥሩ ሳጥን ይግዛ፤ በረዶውን በሌላ መንገድ ማግኘት አያቅትም።

የአይስ ፓክ ጉልበት ያለው በመቅለጡ ውስጥ ነው። አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ የሚውጠው ሙቀት 334 ኪሎ ጁል ነው፤ ያንኑ አንድ ኪሎ ውኃ ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ለማሞቅ ሊበቃ ምንም ያህል አይቀረውም። ይህን ሁሉ ሙቀት ሲውጥ በረዶው ራሱ ከ0 ዲግሪ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ አይስ ፓኩ ሲዳሰስ ለስልሶ ቢገኝ አበቃለት ማለት አይደለም፤ ውስጡ የበረዶ ቁራጭ እስካለ ድረስ ሥራ ላይ ነው። ብዙ ሰው ሲለሰልስ አይቶ «ጥራት የለውም» ብሎ ይጥለዋል፤ ይህ ለዕቃው ፍርደ ገምድልነት ነው።

አሁን ወደ ዓሣው እንመለስ። ከሐይቅ የወጣ ዓሣ ሙቀቱ የሐይቁ ውኃ ሙቀት ነው፤ በሐዋሳ ይህ ከ20 ዲግሪ ፈቀቅ ይላል። ሦስት ኪሎ ፊሌቶ ከ22 ወደ 2 ዲግሪ ለማውረድ ብቻ ከግማሽ ኪሎ በላይ በረዶ ይቀልጣል። ገና መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ገና ፀሐዩ ሳጥኑን ሳይነካው ማለት ነው። በሻንጣ ውስጥ ሁለት አይስ ፓክ ይዞ የመጣ ሰው በረዶውን ያጠፋው ዓሣውን ለማቀዝቀዝ ነው፤ ለመንገዱ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ጠዋት መረባቸውን አንሥተው ሲመለሱ በሐይቁ ዳር ካለው ዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል እገኛለሁ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቅሪቱን ሲጠብቁ፣ ልጆቹ ቢላዋቸውን ስለው ሲያሰናዱ ገበያው ገና ትኩስ ነው። አንዱ ወጣት አሁን በደንብ ያውቀኛል፦

«ጋሼ፣ ዛሬም ሳጥንዎን ይዘው መጡ?»

«ይዣለሁ ወንድሜ። ሆድ ዕቃውን ቶሎ አውጣልኝ።»

«እርስዎ ደግሞ እንደ ሐኪም ነው የሚቸኩሉት!»

መቸኮሌ ትክክል ነው። ሆድ ዕቃው በቆየ ቁጥር ሥጋው ይበላሻል፤ አይስ ፓክ ይህን አይመልሰውም። ልጁ ቆዳውን ገፍፎ ሥጋውን ከአጥንቱ ሲለይልኝ በንጹሕ ውኃ አስታጥቤ፣ ውኃውን አጠንፍፌ፣ ውኃ በማያስገባ ላስቲክ በስሱ ዘርግቼ እጠቀልለዋለሁ። በስሱ መዘርጋቱን አጥብቄ የምናገርበት ምክንያት አለኝ፤ በአንድ ጉብታ የታሰረ ፊሌቶ ውጪው ቀዝቅዞ መሐሉ ለረጅም ጊዜ ሞቅ ብሎ ይቆያል። ከዚያ አይስ ፓኮቹን ለሁለት ከፍያቸዋለሁና የመጀመሪያዎቹን ለማቀዝቀዝ ብቻ አውላቸዋለሁ፤ ከፊሌቶው ሥርና ላይ አድርጌ ወደማርፍበት ሆቴል እመለሳለሁ። የሆቴሉ ወጥ ቤት ሠራተኞች ዓሣውን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡልኛል። ስሜን ጽፌ የለጠፍኩባቸው ሌሎቹ አይስ ፓኮች ደግሞ ከምሽት ጀምሮ ፍሪዘራቸው ውስጥ ናቸው። ከቀትር በኋላ ስነሣ ቀዝቃዛ ዓሣ፣ ቀዝቃዛ ሳጥንና ድንጋይ የሆነ አይስ ፓክ አንድ ላይ ይገናኛሉ። በዚህ መንገድ ሄጄ አዲስ አበባ ሳጥኑን ስከፍት ትንሿ ቴርሞሜትር ከ4 ዲግሪ በታች ሳታሳየኝ ቀርታ አታውቅም።

ወጥ ቤቱ ውለታ እየዋለልኝ ስለሆነ ለሠራተኞቹ ከዓሣው መስጠቴን አልተውም። ፍሪዘር የሌለበት ማረፊያ ያጋጠመው ሰው ግን ከተማው ውስጥ በረዶ ገዝቶ ለመጀመሪያው ማቀዝቀዣ ይጠቀም፤ አይስ ፓኮቹን ለመንገድ ይቆጥባቸው።

በአደራደሩ ላይ ጥቂት ነገር ልጨምር። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ ከላይ የሚቀመጥ አይስ ፓክ ከታች ከሚቀመጠው የበለጠ ይሠራል፤ እኔ ከሥርም ከላይም አደርጋለሁ፣ ካነሰኝ ግን የላይኛውን አስቀድማለሁ። በሳጥኑ ውስጥ የሚቀረውን ባዶ ቦታ ንጹሕ ፎጣ አጥፌ እሞላዋለሁ። በአውቶቡስ ስሄድ ሳጥኑ ፖርቶ መጋላ ላይ እንዲወጣ አልፈቅድም፤ ረዳቱ ቢቆጣም እግሬ ሥር ይሆናል። በራሴ መኪና ስሄድ ደግሞ ፀሐይ ከሚያርፍበት ወንበር ይልቅ ወለሉ ላይ አስቀምጠዋለሁ። መንገድ ላይ ለመጠጥ የሚሆን ውኃ ለብቻው በሌላ ዕቃ ይያዝ፤ ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜው ይወጣልና።

ስለ ጥንካሬያቸው። ጠንካራዎቹ የፕላስቲክ ጡቦች ዛሬም አዲስ ናቸው ማለት ይቻላል። ወድቀዋል፣ ተጋጭተዋል፣ በሙቅ ውኃና በሳሙና ስንት ጊዜ ታጥበዋል፤ አንድም ጠብታ አላፈሰሱም። ለስላሳዎቹ የጄል ከረጢቶች ግን አሳዝነውኛል። ማዕዘናቸው ላይ ያለው ስፌት መጀመሪያ ይነጣል፣ ቀጥሎ ይሰነጠቃል፤ አንዱ ሳጥኑ ውስጥ ፈንድቶ ያን የሚያዳልጥ ጄል ፊሌቶው ላስቲክ ላይ ለቀለቀው። ላስቲኩ ድርብ ስለነበር ዓሣው ተረፈ። ጄሉ በአብዛኛው ውኃ ነው፤ የሚያወፍረው ነገር ብዙ ጊዜ ሶዲየም ፖሊአክሪሌት ወይም ከሴሉሎስ የሚሠራ ማጥበቂያ ነው፤ ቀዝቅዘውም የሚታጠፉት ከረጢቶች ደግሞ ፕሮፒሊን ግላይኮል ይጨመርባቸዋል። በውስጡ ምን እንዳለ ያልተጻፈበትን ከረጢት ከምግብ ጋር አላስቀምጥም፤ ይዘቱ የነካውን ምግብም መጣል ነው፣ ማጠብ አይበቃም። የጨርቅ ሽፋን ያላቸውን ከረጢቶች ለዓሣ ፈጽሞ አልመክርም፤ ሽታው ከጨርቁ አይወጣም።

ሲገዙ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ዲግሪ ማየት ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ «-21» የሚል ቁጥር አለባቸው። እነዚህ ጨው የተጨመረባቸውና ከዜሮ እጅግ ዝቅ ብለው የሚረጉ ናቸው፤ ለቀዘቀዘ ሥጋና ለአይስ ክሬም የተሠሩ ናቸው። የቤት ፍሪዘር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው -18 አካባቢ ነው። ስለዚህ በቤት ፍሪዘር ውስጥ ሳምንት ቢያድሩ አይረጉም፤ ሳይረጉ ደግሞ ዋና ጉልበታቸው የለም። ለቤት የሚሆነው በ0 ዲግሪ አካባቢ የሚረጋው ነው።

«በሃይላንድ ውኃ አቀዝቅዤ ብወስድስ?» የሚል ሰው ይኖራል። ይሠራል። ጄል ማለት የወፈረ ውኃ ነው፤ ኪሎ ለኪሎ ከበረደ የሃይላንድ ውኃ የሚበልጥበት ነገር የለም፤ ውኃው ሲቀልጥም ይጠጣል። ጠርሙሱን ከአፉ ዝቅ አድርጎ መሙላት ነው፤ አለዚያ ውኃ ሲረጋ ስለሚያብጥ ይፈነዳል። አይስ ፓኩ የሚበልጠው በቅርጹ ነው፤ ጠፍጣፋ ስለሆነ በሁለት የፊሌቶ ንጣፍ መካከል ገብቶ ሙሉ ገጹ ይነካል። ክብ ጠርሙስ ግን በዙሪያው ክፍተት ይተዋል። አልፎ አልፎ ለሽርሽር ለሚወጣ ቤተሰብ የበረደ ጠርሙስ ይበቃዋል፤ አይስ ፓክ ግዙ አልልም።

የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በትከሻቸው የሚያነግቱትን የክትባት ሳጥን አይታችሁ ይሆናል። በዚያ ውስጥ የሚገቡት አይስ ፓኮች ተራ ውኃ የተሞሉ ናቸው። ሠራተኞቹ ከፍሪዘር እንዳወጧቸው ወዲያው አይከቷቸውም፤ ትንሽ አቆይተው ያነቀንቋቸዋል፣ ውስጣቸው ውኃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ ይጠቀሙባቸዋል። ምክንያቱም ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ እንደ ፔንታቫለንት ያሉ ክትባቶች ደግሞ ከረጉ ይበላሻሉ። ይህን ጥንቃቄ እኔም ለእናቴ ኢንሱሊን ወስጄዋለሁ። ያልተከፈተ ኢንሱሊንም በዚያው ሙቀት የሚቀመጥ ነው፤ አንድ ጊዜ ከረጋ አይወሰድም። ስለዚህ ከእሷ ጋር ስንጓዝ አይስ ፓኩን እስኪያልበው አቆይቼ በፎጣ እጠቀልለዋለሁ፤ መድኃኒቱ ፕላስቲኩን በቀጥታ እንዲነካ አላደርግም። ለሰላጣና ለቲማቲምም ይኸው ይሠራል።

ያልጠበቅሁት ጥቅም መብራት ሲጠፋ የመጣው ነው። በማልጓዝባቸው ሳምንታት አይስ ፓኮቹ የፍሪዘሩን ባዶ ቦታ ሞልተው ይቀመጣሉ። የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜውን ሁለት ቀን ያህል ይይዛል፤ በግማሽ የሞላው ግን አንድ ቀን ያህል ብቻ። መብራቱ ሲቆይ ሁለቱን አውጥቼ ወደ ታችኛው የፍሪጅ ክፍል፣ ከወተቱና ከአይቡ አጠገብ አወርዳቸዋለሁ። ባለቤቴ ከዓሣው ይልቅ ስለዚህ ነው የምታመሰግናቸው።

የሚያስቸግረው ለመርጋት የሚወስዱት ጊዜ ነው። በእኛ ፍሪዘር ትልልቆቹ ጡቦች ሙሉ ሌሊት አይበቃቸውም፤ ከጉዞው ቀን በፊት ባለው ቀን ጠዋት ካልገቡ መሐላቸው ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል። ደራርቦ ከማስገባት ይልቅ እየለያዩ በጠፍጣፋ ማስተኛቱ ያፋጥነዋል። ድንገት ተነሥቶ ለሚጓዝ ሰው ይህ ትልቅ እንቅፋት ነው፤ ሁልጊዜ ፍሪዘር ውስጥ እንዲኖሩ ማድረግ ብቻ ነው መፍትሔው።

አሁን ብገዛ የምገዛው ጠንካራዎቹን ብቻ ነው፤ ከአንድ ትልቅ ይልቅ ብዙ መካከለኛ መጠን ያላቸውን እመርጣለሁ፣ ፈጥነው ይረጋሉ፣ በየንጣፉ መካከልም ይገባሉ። ለሦስት ኪሎ ፊሌቶና ለአምስት ሰዓት መንገድ፣ ዓሣው አስቀድሞ ከቀዘቀዘ፣ በአጠቃላይ ሁለት ኪሎ ያህል አይስ ፓክ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ዓሣው ካልቀዘቀዘ ሦስት ኪሎም ያስፈልጋል። ከለስላሳዎቹ የተረፉትን ከምግብ አውጥቼ ለወለምታና ለራስ ምታት ብቻ አድርጌአቸዋለሁ።