ያገለገለ ኤም 5 ወይስ ኢ 55 ኤኤምጂ፦ ከግዢው በኋላ የሚመጣው ወጪ

«ሁለቱም በተቀራረበ ዋጋ ቀርበውልኛል፤ የቱን ልውሰድ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። አንዱ ከ2005 እስከ 2010 የተመረተው ቢኤምደብሊው ኤም 5 ኢ60 ነው። ሌላው እስከ 2006 ድረስ የተመረተው መርሴዲስ ኢ 55 ኤኤምጂ፣ ደብሊው 211 የሚባለው። መልሱን ላስቀድም፦ ወጪውን ከራሱ ኪስ የሚሸፍን ሰው ኢ 55ን ይግዛ። ኤም 5 የግዢውን ዋጋ ግማሽ ለጥገና ብቻ ለይቶ ማስቀመጥ ለሚችል ሰው ነው። እነዚህ መኪኖች ሲያረጁ የመሸጫ ዋጋቸው ወርዷል፣ የመለዋወጫቸው ዋጋ ግን አዲስ ሳሉ በነበሩበት ደረጃ ላይ ነው። ሻጭ ዋጋ ሲቀንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀንሰው ሊመጣ ያለውን ጥገና ስለሚያውቅ ነው።

ስለ ፍጥነታቸው አልጽፍም፤ ሁለቱም ከበቂ በላይ ናቸው።

የኤም 5 ትልቁ ጣጣ የቢየላ ብሮንዚና ነው፤ ይህም ፒስተኑን ከሚዞረው ዘንግ (ክራንክሻፍት) ጋር የሚያገናኘው ቢየላ የሚያርፍበት ስስ ብረት ነው። ኤስ 85 የሚባለው ባለ 10 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ እስከ 8,250 ዙር ይሄዳል። በብሮንዚናውና በክራንክሻፍቱ መካከል ያለው ክፍተት ግን በጣም ጠባብ ነው፤ የሚሞላው ዘይት ደግሞ ወፍራሙ 10ደብሊው-60 ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ሲረገጥ ወፍራሙ ዘይት በጠባቡ ክፍተት በቶሎ አይገባም፣ ብረት ከብረት ይፋተጋል። ጉዳቱ በድምፅ አይታወቅም። መንኳኳት ከተሰማ ክራንክሻፍቱም ተበልቷል ማለት ነው፤ ያኔ ወጪው የመኪናውን ዋጋ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ብሮንዚናው ሳይጮህ፣ 100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲደርስ በቅድሚያ ይቀየራል። ሥራው 20 ግማሽ ብሮንዚናና 20 አዲስ ብሎን ይፈልጋል። አሮጌው ብሎን አንዴ ሲጠብቅ ስለሚለጠጥ ተመልሶ አይታሰርም። ሞተሩ ከላይ ተንጠልጥሎ፣ የፊት ተሸካሚው ብረት ወርዶ፣ ኮፓው (የሞተሩ የታች ዘይት መያዣ) ይወጣል። ልምድ ላለው መካኒክ ሁለት ሙሉ የሥራ ቀን ይወስዳል፤ ከክፍያው አብዛኛው የእጅ ዋጋ ነው። ኮፓው ከተከፈተ አይቀር የቫኖሱ (የቫልቮቹን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው ሥርዓት) ከፍተኛ ግፊት ፓምፕ እዚያው ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይታይ፣ ሞተሩ የሚቀመጥባቸው ጎማዎችም አብረው ይቀየሩ። ለየብቻ ቢሠራ ያንኑ የእጅ ዋጋ ሁለቴ መክፈል ነው።

«ብሮንዚናው ተቀይሯል» የሚል ሻጭ ደረሰኝና የወጡትን አሮጌ ብሮንዚናዎች ፎቶ ማሳየት አለበት። ካላሳየ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ሙሉ ወጪውን ከዋጋው ይቀንሱ። ከተቻለ ከመግዛትዎ በፊት የዘይት ናሙና ወስደው ያስመርምሩ፤ እርሳስና መዳብ ከፍ ብለው ከታዩ ብሮንዚናው እየተበላ ነው።

የኤም 5 ሁለተኛው ጣጣ የጋዝ ማንቀሳቀሻ ሞተሮቹ ናቸው፤ ጋዝ ሲረገጥ የሞተሩን አየር ማስገቢያ የሚከፍቱት ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ጎን አንድ፣ በጠቅላላው ሁለት። በውስጣቸው ያሉት የፕላስቲክ ጥርሶች ይበላሉ፣ መኪናው በድንገት ኃይሉን ይቀንሳል። አዲስ ሙሉ ዕቃ ከመግዛት በብረት ጥርስ ማሳደስ በብዙ ይረክሳል፤ አንዱ ሲበላሽ ሁለቱንም ያሳድሱ።

ከዚያ ኤስኤምጂ የሚባለው፣ ፍሪሲዮኑን በእግር ሳይሆን በራሱ የሚረግጠው ካምቢዮ አለ። ፍሪሲዮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሃይድሮሊክ ፓምፕ ነው። የሾፌሩ በር ሲከፈት ፓምፑ ጥቂት ሰከንድ ሠርቶ ዝም ማለት አለበት። ረዘም ላለ ጊዜ ከጮኸ ወይም በየደቂቃው ከተነሳ ፓምፑ ወይም ግፊት ማጠራቀሚያው ደክሟል። ፍሪሲዮኑን የሚጨርሰው በመጨናነቅ ውስጥ እየተንፏቀቁ መሄድና ዳገት ላይ ወደ ኋላ መንዳት ነው። ለመፈተን በከፍተኛ ማርሽና በዝቅተኛ ዙር ጋዙን እስከ ታች ይርገጡ፤ ፍጥነቱ ሳይጨምር ዙሩ ብቻ ከወጣ ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ቮላኖውም (ፍሪሲዮኑ የሚያርፍበት ከባድ ጎማ መሰል ብረት) አብሮ ሊፈለግ ይችላል።

ኢ 55 ላይ የሚበላሸው ነገር ጥቂት አይደለም፣ ግን ከሞተሩ ውጭ ነው። ልዩነቱን የሚፈጥረውም ይኸው ነው። ባለ 8 ሲሊንደርና ባለ ኮምፕረሰር የሆነው 5.4 ሊትር ሞተር ዘይቱ በጊዜው ከተቀየረ ኮፓው ሳይከፈት ረጅም ዕድሜ ይሠራል። ካምቢዮውም 700 ኒውተን ሜትር እንዲሸከም የተመረጠው ጠንካራው ባለ 5 ማርሽ አውቶማቲክ ነው። «ዕድሜ ልክ የማይቀየር ዘይት» የሚለውን አይስሙ፤ በየ60,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱንና ፊልትሮውን ይቀይሩ። በዚያው ጊዜ የካምቢዮው ሽቦ የሚሰካበት ባለ 13 ፒን ሶኬቱም ይቀየር። ዋጋው እጅግ ትንሽ ነው፤ ጎሚኒው ሲያረጅ ግን ዘይት በሽቦው ውስጥ ተስቦ እስከ ካምቢዮው ኮምፒውተር ይደርሳል፣ ያኔ ትንሹ ዕቃ ትልቁን ያስገዛል።

የኢ 55 ውድ ዕቃ ኤስቢሲ የተባለው የኤሌክትሪክ ፍሬን ነው። አምራቹ በ2004 እና በ2005 በዚሁ ሥርዓት ምክንያት መኪኖችን በብዛት ጠርቶ አስተካክሏል፤ በ2006 መኪናው ሲታደስም ሥርዓቱ ቀርቷል። ፓምፑ የፍሬን ርግጫዎችን ይቆጥራል፣ ገደቡ ሲሞላ ዳሽቦርዱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። አንዳንድ ሻጮች ቆጣሪውን ብቻ ወደ ዜሮ አስመልሰው ያረጀውን ፓምፕ ይተዉታል። ይህ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሕይወት የሚነካ ማታለል ነው፤ ሥርዓቱ ሲከሽፍ የሚቀረው የፊት እግሮች ፍሬን ብቻ ነው፣ ፔዳሉም እንደ ድንጋይ ይከብዳል። የፓምፑ መቀየሪያ ደረሰኝ ይጠይቁ። የፍሬን ሸራ ሲቀየርም መጀመሪያ ሥርዓቱ በመመርመሪያ ማሽን መጥፋት አለበት። ካልጠፋ መኪናው በር ሲከፈት እንኳ በራሱ ግፊት ሰጥቶ የመካኒኩን ጣት ሊቀጠቅጥ ይችላል። ለመጠባበቂያ የተሰጠው ሁለተኛ ባትሪ ሲደክምም ሐሰተኛ የፍሬን ስህተት ያወጣል፤ ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱንም ባትሪዎች ያስለኩ።

ኤርማቲክ የሚባለው የአየር አሞርዛተር ላይ ቅደም ተከተሉን ይወቁ። መጀመሪያ የአየር ከረጢቱ ይሰነጠቃል፤ መኪናው እንዳይወርድ የአየር መሙያው ሲደክም ይውላል፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። መሙያውን ብቻ የቀየረ ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ሌላ ይገዛል። መጀመሪያ ከረጢቱ፣ ቀጥሎ መሙያው፣ ከመሙያው ጋር ደግሞ ሪሌው (የመሙያው ኤሌክትሪክ ማብሪያ) ይቀየራል። ፈተናው ገንዘብ አያስወጣም፦ ማታ ሜዳ ላይ አቁመው ከጎማው መሃል እስከ መከላከያው ጠርዝ በአራቱም ማዕዘን ይለኩ፣ ጠዋት ደግመው ይለኩ።

ሞቃት ቀን ላይ ኃይሉ ከቀነሰ ደግሞ ኮምፕረሰሩ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን አየር የሚያቀዘቅዘውን ውኃ የምታዞረውን ትንሿን ፓምፕ ይጠርጥሩ፤ የምትቀየረው በቀላሉ ነው።

ነዳጅ፦ በአምራቹ መለኪያ ኤም 5 በ100 ኪሎ ሜትር 14.8 ሊትር፣ ኢ 55 ወደ 13 ሊትር ይጠጣሉ። በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ልዩነቱ 270 ሊትር ያህል ነው። ከተማ ውስጥ ሁለቱም ከ20 ሊትር በላይ ይሄዳሉ። የኤም 5 ታንከር 70 ሊትር፣ የኢ 55 ደግሞ 80 ስለሚይዝ ኤም 5 ማደያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይቆማል። ዘይት ሲቀየር ኤም 5 ከ9 ሊትር በላይ ይወስዳል፣ በመሃልም ይበላል፤ አንድ ሊትር ሻንጣ ውስጥ አይጥፋ። የኤም 5 ጎማ 19 ኢንች ነው፣ የኋላው 285 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የኢ 55 ጎማ 18 ኢንች፣ የኋላው 265 ስለሆነ በየቅያሪው ይረክሳል። ኢ 55 የሚበልጥበት ወጪ ካንዴላ ነው፦ በሲሊንደር ሁለት፣ በጠቅላላው 16።

አስመስለው በተሠሩ ዕቃዎች ላይ ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ። ኤም 5 በካንዴላው በኩል የሚያልፈውን ጅረት እየለካ ሞተሩን ይቆጣጠራል፤ አስመስሎ የተሠራ ካንዴላ ሲገባ ኮምፒውተሩ የሌለ ስህተት ያያል፣ ባለቤቱም ጤነኛውን ቦቢና (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ዕቃ) በከንቱ ይቀይራል። ኢ 55 ላይ የደከመ የክራንክሻፍት ሴንሰር ሲሞቅ ሞተሩን ያጠፋል፤ ርካሹ ቅጂ ያንኑ ችግር በቶሎ መልሶ ያመጣል። የአየር ከረጢት ላይ ደግሞ ከስም የለሽ አዲስ ይልቅ ታዋቂ አዳሽ ያደሰው ይሻላል። በየቦታው በሚቀዳ ዘይት ኤም 5ን አይሞክሩ፤ የ10ደብሊው-60 ማሸጊያ ራስዎ ፊት ይከፈት።

ለድርድር ሲቀርቡ ለኢ 55 የፍሬን ፓምፑንና ሁለት የፊት ከረጢቶችን፣ ለኤም 5 ብሮንዚናውን፣ ፍሪሲዮኑንና ሁለቱን የጋዝ ሞተሮች ዋጋ አስቀድመው ጠይቀው በወረቀት ይያዙ። ደረሰኝ ያልቀረበለትን እያንዳንዱን ከተጠየቀው ዋጋ ላይ ይቀንሱ። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቀዎት መኪናው ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ሌላ ቀን ይቀጥሩት፤ የቀዝቃዛ አነሳስ ሳይሰሙ ኤም 5 ላይ ቀብድ አይክፈሉ።